ዕቅዱ ተሸንሽኗል፣ ሥራውስ?

በምሥራቅ ጎጃምም ሆነ በሌላ በየትኛውም ዞን የአንድን መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ዕቅድ አንድ ጊዜ ያየ ሰው ሠንጠረዡን ዳግም ሳያየው ሊሥለው ይችላል። ተራ ቁጥር፣ ዝርዝር ተግባር፣ መለኪያ፣ ዕቅድ፣ ክንውን፣ በመቶኛ፣ ፈጻሚ አካል፣ ምርመራ። ከእነዚህ ዓምዶች ሁሉ በጥንቃቄ የሚሞላው ቁጥሩ ነው። ዞኑ የደረሰውን ሄክታር ለጎዛምን፣ ለስናን፣ ለማቻከል፣ ለደባይ ጥላትግን ያከፋፍላል፤ ወረዳው ለቀበሌ፣ ቀበሌው ለልማት ቡድን እያወረደ አንድ ለአምስት ድረስ ይደርሳል። «ካስኬድ ተደርጓል» ይባላል። ፈጻሚ አካል የሚለው ዓምድ ግን «የሚመለከታቸው ሁሉ» ተብሎ፣ ጊዜው ደግሞ «ዓመቱን ሙሉ» ወይም «በቀጣይነት» ተብሎ ይታለፋል።

ትልቅ ሥራን በንዑስ ሥራዎች ከፍለው ስለሚያደራጁት የኮምፒውተርና የስልክ መሣሪያዎች ብዙ ሲወራ ይሰማል። ትሬሎ፣ አሳና፣ ኖሽን፣ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት የሚሉ ስሞች በሥልጠና አዳራሾች ተለምደዋል። እኔ ግን ጉዳዩን ከዚያ ሠንጠረዥ ብጀምር እመርጣለሁ። በመከፋፈል ማንም አይበልጠንም፤ የምንከፋፍለው ግን ቁጥሩን እንጂ ሥራውን አይደለም። አምስት መቶ ሄክታርን ለአሥር ቀበሌ ማካፈል ሒሳብ ነው። አንዱ ሄክታር በምን ይጀመራል፣ ምን ሳያልቅ ምን አይነካም፣ እያንዳንዱ እርምጃ በማን ስም ይያዛል ብሎ መዘርዘር ሌላ ሙያ ነው። መሣሪያዎቹ የተሠሩት ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ለመጀመሪያው ከተጠቀምንባቸው የምናተርፈው የሪፖርት ፍጥነት ብቻ ነው።

ልዩነቱን አጉልቶ የሚያሳየው የተፋሰስ ሥራ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጮቄ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ሌሎችም ወንዞች እየተነሡ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ፤ አፈሩም አብሯቸው ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ፣ ሕዝቡ አካፋና ዶማ ይዞ እርከን ለመሥራት ይወጣል። ዘመቻው በዕቅድ ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ነው፤ «እርከን መሥራት፣ በሄክታር፣ ይህን ያህል»። መሬት ላይ ግን ሰንሰለት ነው። መጀመሪያ ተፋሰሱ ይለያል፣ ካርታው ይወጣል፣ ነዋሪው ይሰበሰባል፣ የተፋሰስ ኮሚቴ ይመረጣል። ቀያሾች በገመድና በውሃ ልክ መስመር ያወጣሉ። ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ የሚቀለብሰው ቦይ እና ውሃውን በሰላም የሚያወርደው መውረጃ ቀድመው መሠራት አለባቸው። እርከኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እርከኑ ላይ ሣርና የመኖ ዛፍ ይተከላል፤ ተከላው ሐምሌ ላይ እንዲደርስ ደግሞ ችግኝ ጣቢያው ዘሩን ያፈሰሰው ዘመቻው ከመጠራቱ በፊት ወይም አብሮ መሆን ይኖርበታል። በመጨረሻም ከብት እንዳይገባ ልቅ ግጦሽ መከልከሉ አለ። ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ ምክንያቱም የአካፋ ሳይሆን የስምምነት ሥራ ነው።

ቅደም ተከተሉ ለወጉ የተቀመጠ አይደለም። በደምበጫ ወረዳ የሚገኘው አንጀኒ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። የግብርና ሚኒስቴር ከስዊዘርላንዱ የበርን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያካሄደው የአፈር ጥበቃ ምርምር እዚያ ጣቢያ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1984 ሲሆን፣ ከመቶ ሄክታር ጥቂት የሚበልጠው ያ ትንሽ ተፋሰስ በ1986 መጀመሪያ ላይ ፋንያ ጁ በሚባለው፣ አፈሩን ከቦዩ ወደ ላይ በሚጥለው የእርከን ዓይነት ተሸፈነ። ዓመታዊ ዝናቡ ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ አገር እርከን ውሃውን ይዞ መቅረት አይችልም፤ በመጠነኛ ተዳፋት እየመራ ወደ መውረጃው ማድረስ አለበት። መውረጃው ካልተዘጋጀ የተሰበሰበው ውሃ አንድ ቦታ ጥሶ ይወጣና ቀድሞ ያልነበረ ቦረቦር ይከፍታል። የጎጃም ገበሬ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፤ በማሳው ላይ በሞፈር የሚያወጣው ፈሰስ ሥራው ይኸው ነው። ስለዚህ «መቶ በመቶ» የተሠራ እርከን መውረጃ ከሌለው ክንውኑ ሙሉ፣ ጉዳቱም ሙሉ ሊሆን ይችላል። ሠንጠረዡ ይህን የሚያሳይበት ቦታ የለውም።

ሥራን በዚህ መልክ የመተንተኑ ጥበብ በዓለም ላይም ሩቅ ታሪክ የለውም። ፖላንዳዊው መሐንዲስ ካሮል አዳሚየትስኪ እ.ኤ.አ. በ1896 አካባቢ፣ አሜሪካዊው ሄንሪ ጋንት ደግሞ ከ1910 ወዲህ ሥራን በጊዜ መስመር ላይ በዘንግ አሳዩ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የፖላሪስ ሚሳይልን ሲሠራ በ1958 ያወጣው ፐርት የተባለው ዘዴ እና ዱፖንት ኩባንያ በዚያው ሰሞን የቀመረው የወሳኝ መንገድ ስሌት የጨመሩት ትልቁ ነገር ጥገኝነት ነው። የትኛው ሥራ የትኛውን ይጠብቃል? ከሁሉ የሚረዝመው የሰንሰለቱ መስመር የቱ ነው? በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ መከላከያ ሥራን እንደ ዛፍ ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ የመበተኑን ሥርዓት መመሪያ አደረገው። በ1980ዎቹ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክትና ፕሪማቬራ ሁሉንም ወደ ኮምፒውተር አስገቡት። ከዚያ ወዲህ የመጡት አብዛኞቹ መሣሪያዎች መልካቸው ያምራል እንጂ ከዚህ የዘለለ ሐሳብ አላመጡም። ይልቁንም ብዙዎቹ ጥገኝነቱን ትተው ዝርዝሩን ብቻ ወስደዋል።

ፕሪማቬራና ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት በአገራችን ቤታቸውን የሠሩት በግንባታው ዘርፍ ነው። ምክንያቱ ውል ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚሠራበት የፊዲክ እ.ኤ.አ. የ1999 ውል ተቋራጩ ሥራ እንዲጀምር ከታዘዘ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ ዝርዝር የጊዜ መርሐ ግብር እንዲያቀርብ ያስገድዳል። ስለዚህ መርሐ ግብሩ ይሠራል፣ በትልቅ ወረቀት ይታተማል፣ በሳይት ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከዚያ በኋላ ያለው ዕጣው እንደ ሳይቱ ይለያያል። ሲሚንቶ ሲጠፋ፣ ነዳጅ ሲዘገይ፣ የካሳ ክፍያ ያልተፈጸመለት ባለይዞታ መንገዱን ሲዘጋ በየሳምንቱ የሚያስተካክሉት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኛው ግን ለጊዜ ማራዘሚያ ጥያቄ ማስረጃ ሲያስፈልግ ብቻ ተመልሶ ይከፈታል።

የጥገኝነት ነገር ችላ ሲባል ምን እንደሚመጣ ለማየት ከዓባይ ሸለቆ መራቅ አያስፈልግም። የሕዳሴው ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የሲቪል ሥራውን የጣሊያኑ ሳሊኒ ሲሠራ፣ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ ሜካኒካል ሥራው ለመንግሥት ኮርፖሬሽኑ ለሜቴክ ተሰጥቶ ነበር። ኮንክሪቱ እየቀደመ ብረቱ ወደ ኋላ ቀረ፤ ነሐሴ 2010 ላይም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥራው ከሜቴክ መነጠቁን ይፋ አደረጉ። በየዓመቱ በሚነገረው የፐርሰንት ሪፖርት ግን ግድቡ ሁልጊዜ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። አንድ አማካይ ፐርሰንት የቆመውንና የሚሮጠውን አንድ ላይ ደምሮ ይሸፍናል። ንዑስ ሥራ ለብቻው የሚታይበት ሰሌዳ ዋናው ጥቅሙ ይህን መሸፈኛ መግፈፉ ነው።

ወደ አዳዲሶቹ መሣሪያዎች እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ትሬሎ ካርዶችን ከግራ ወደ ቀኝ የማንሸራተት ሰሌዳ ነው፤ «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ»። ሐሳቡ የቶዮታ ፋብሪካ ነው። የካይዘን ኢንስቲትዩት ከተቋቋመ ወዲህ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት ሰሌዳዎችና «አምስቱ ማዎች» የመጡትም ከዚያው ቤት ስለሆነ፣ ትሬሎን ለመንግሥት ሠራተኛ ማስረዳት ከሌሎቹ ይቀላል። ድክመቱ ጥልቀት የሌለው መሆኑ ነው። በካርድ ውስጥ ቼክሊስት አለ፤ ነገር ግን በነጻው አገልግሎት የቼክሊስቱ እያንዳንዱ መስመር የራሱ ባለቤትና የራሱ ቀን አይኖረውም። ስለዚህ «መውረጃ መሥራት» የሚለው በእርከን ካርድ ውስጥ ምልክት የሚደረግባት ትንሽ ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ይህ ለሰርግ ድግስ ይበቃል፤ ለተፋሰስ አይበቃም።

አሳና በአንጻሩ ንዑስ ሥራን እስከ አምስት ደረጃ ድረስ ያወርዳል፤ ለእያንዳንዱም አንድ ባለቤት ብቻ ይቀበላል። «የሚመለከታቸው ሁሉ» ብሎ መጻፍ አይቻልም። ይህን ግትርነቱን እወድለታለሁ። ችግሩ ወደ ታች የወረደው ንዑስ ሥራ ከዋናው ሰሌዳ ላይ በቀላሉ መሰወሩ ነው፤ ሦስተኛ ደረጃ ላይ የተቀበረን ሥራ ባለቤቱ ካልሆነ በስተቀር ሌላ ሰው የሚያገኘው ሲፈልግ ነው። ጂራ ለሶፍትዌር ሠሪዎች የተሠራ ነው፤ እነሱ ይጠቀሙበት። ኖሽን ሁሉንም ይችላል፣ ለዚያውም ሰሌዳውን የሚያበጅ አንድ አፍቃሪ ካገኘ ነው፤ ያ ሰው የተዛወረ ዕለት ግን ቢሮው በቁልፍ እንደተዘጋ ይቆጠራል። ቱዱኢስት ለአንድ ሰው ወይም ለሁለት ሦስት ሰው ቡድን ያገለግላል። አራት ደረጃ ድረስ ይወርዳል፤ ትልቁ ጸጋው ግን መስመር በሌለበት መሥራቱና መስመር ሲመጣ ራሱን ማስተካከሉ ነው። ወደዚህ ጸጋ በኋላ እመለሳለሁ።

ሁሉም መሣሪያዎች የሚጋሩት አንድ ፈተና አለ፤ እስከ የት ድረስ ይከፈል? ሥራን መክፈል ራሱ ደስ ስለሚል ሰው ሲከፍል ውሎ ሳይሠራ ያመሻል። እኔ የምከተለው ሚዛን ቀላል ነው። አንድ ንዑስ ሥራ አንድ ሰው ይዞት በሳምንት ውስጥ ሊጨርሰው የሚችል ከሆነና ማለቁን ሌላ ሰው አይቶ ሊመሰክር ከቻለ ከዚያ በታች መውረድ አያስፈልግም። «ማኅበረሰቡን ማነቃቃት» ይህን አያልፍም። «ከሁለት ጎጥ ነዋሪዎች ጋር ተሰብስቦ የግጦሽ ክልከላውን ቃለ ጉባኤ ማስፈረም» ግን ያልፋል፤ ፊርማው ይታያልና። እውነቱን ለመናገር ይህን ማንም የዕድር ሰው ያውቀዋል። ሐዘን ሲደርስ ድንኳኑን ማን እንደሚያወጣ፣ ዕቃ ቤቱን ማን እንደሚከፍት፣ ለሩቅ ዘመድ ማን እንደሚልክ ሠንጠረዥ አይወጣም፤ ግን እያንዳንዷ ሥራ ባለ ስም ናት፣ የቀረም ይቀጣል። ያው ሰው ሰኞ ቢሮ ሲገባ «በሚመለከተው አካል» ብሎ መጻፉ የሙያ ጉድለት አይመስለኝም። ቢሮው ስም መጻፍን አላበረታታውም፤ ግምገማ ላይ የሚነሣውም ስሙ የተጻፈው ሰው ነው።

በተግባር በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ሥራ የሚንቀሳቀሰው በእነዚህ በየትኞቹም አይደለም። በአጀንዳ፣ በኤክሴል፣ በስልክና በቴሌግራም ነው። አጀንዳው የግል ነው፤ ባለቤቱ ሲዛወር አብሮት ይሄዳል። ኤክሴሉ በኢሜይል ወይም በፍላሽ እየተላከ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የተስተካከለ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚሉ ልጆች ይወልዳል። ቴሌግራም ከሁሉ ይበልጥ ይሠራል፤ መልእክቱ ይደርሳል፣ ፎቶው ይገባል፣ በደካማ መስመርም ይጎተታል። ግን ወንዝ ነው። ጠዋት የተሰጠ ሥራ ማታ በሰላምታ፣ በሐዘን መግለጫና በማስታወቂያ ሥር ተቀብሮ ያድራል። «እሺ» የሚል መልስም ሥራው ተይዟል ማለት ይሁን መልእክቱ ደርሷል ማለት ይሁን አይታወቅም። ቴሌግራምን የሚያጥላሉ አማካሪዎች ግን አይገቡኝም። ሰው ካለበት ቦታ ሥራን ማንሣት ኪሳራ ነው። ቡድኑን በርዕስ በርዕስ ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ተፋሰስ አንድ ርዕስ ሰጥቶ፣ የሳምንቱን ዝርዝር ከላይ ሰክቶ መያዝ በነጻ የሚገኝ ግማሽ መፍትሔ ነው። ሌላው ግማሽ ዝርዝሩን በየሳምንቱ የሚያድስ አንድ ሰው መመደብ ነው።

በአገራችን ንዑስ ሥራን በትክክል የተነተነ ሥርዓት ለማግኘት ከተማ ውስጥ መፈለግ እንደማይገባ የተረዳሁት የጤና ኬላን አሠራር ሳጤን ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ማኅደር፣ ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡርና ለእያንዳንዱ ሕፃን ካርድ ዘረጋ። ከማኅደሩ ጋር በወራት የተከፋፈለ ሣጥን አለ። እናት ለምርመራ መጥታ ስትሄድ ካርዷ የሚቀመጠው በስሟ ተራ ሳይሆን ተመልሳ በምትመጣበት ወር ክፍል ውስጥ ነው። ወሩ ሲገባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክፍሉን ትከፍታለች፤ በውስጡ ያለው ካርድ ሁሉ የዚያ ወር ሥራ ነው። ወሩ አልቆ እዚያው የቀረ ካርድ ካለ ያቺን እናት ቤቷ ድረስ ሄዶ መፈለግ ነው። ዴቪድ አለን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተመው ዝነኛ የሥራ አደረጃጀት መጽሐፉ የቢሮ ሰዎችን የመከራቸው ይህንኑ ዓይነት በቀንና በወር የተከፈለ ማኅደር ነበር። በገጠር ጤና ኬላ ያለው ሣጥን ከስልክ ማስታወሻ የሚያንሰው ደወል ብቻ ነው።

ጤና ሚኒስቴር በኋላ ይህንን ሥርዓት ወደ ታብሌት አሸጋገረው፤ የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ይባላል። በዘርፉ ለሪፖርት የሚያገለግለው ዲኤችአይኤስ2 የተባለው ሶፍትዌርም የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ይቀበላል። እነዚህ ሁለቱ ከትሬሎና ከአሳና የሚለዩት በውበት አይደለም። መጀመሪያ ሥራው በወረቀት ተተነተነ፤ ማን፣ መቼ፣ ከምን በኋላ የሚለው ተለየ፤ ሶፍትዌሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎቻችን የምንጀምረው ከመለያ ስምና ከይለፍ ቃል ነው።

የዘመን አቆጣጠሩ ነገር ቀላል እንዳይመስል። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ በፈረንጁ ከጁላይ 8 እስከ ጁላይ 7 መሆኑ ነው። የአብዛኞቹ መሣሪያዎች «ይህ ወር» እና «ይህ ሩብ ዓመት» የሚሉት ማጣሪያዎች በጎርጎርዮሳዊው ስለሚቆጥሩ የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ሁልጊዜ ቀናት ይጎድሉታል ወይም ይተርፉታል። ጳጉሜንን የት እንደሚያደርጓት አያውቁም። ሰዓቱም ሌላ ጣጣ ነው፤ «3፡00 ሰዓት ስብሰባ» ብሎ የጻፈው ሰው ጠዋት ይመጣል፣ ስልኩ ግን ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ላይ ይጮኻል። መላው ወጥ ልማድ ማውጣት ነው። ቀኑን በመሣሪያው አቆጣጠር፣ የእኛን ቀን ደግሞ በሥራው ርዕስ ላይ መጻፍ ያሰለቻል፤ ግን ይሠራል።

ፊደሉስ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ በአማርኛ መጻፍ ችግር መሆኑ ቀርቷል። የቀረው ፍለጋው ነው። አንዱ ባለሙያ «ሥራ» ሌላው «ስራ»፣ አንዱ «ዕቅድ» ሌላው «እቅድ»፣ አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ይጽፋል፤ መሣሪያው እነዚህን እንደ ተለያዩ ቃላት ስለሚያያቸው ያለ ሥራ የለም ይባላል። ስለዚህ በአማርኛ የሚሠራ ቡድን ለሥራዎቹ ቁጥር ቢሰጥ ይሻለዋል፤ ተፋሰሱ 3 ከሆነ መውረጃው 3.2፣ የመውረጃው ቅየሳ 3.2.1። መሐንዲሶች ለሌላ ምክንያት ያመጡት የቁጥር ዛፍ ለእኛ የፊደል ዕዳ መክፈያ ይሆናል።

አሁን ስለ መስመሩ። በሐምሌ 2015 መጨረሻ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ መቋረጡም ለበርካታ ወራት ዘለቀ። ሥራውን ሁሉ «ደመና» ላይ ያስቀመጠ ድርጅት በዚያ ጊዜ የራሱን ዕቅድ ማየት አልቻለም፤ አጀንዳ የያዘው ቻለ። የጸጥታው ችግር ገና ባልተፈታበት አካባቢ መሣሪያ ሲመረጥ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ምን ይችላል?» መሆን የለበትም። «መስመር ሲጠፋ ምን ይቀረኛል?» ነው። በዚህ ሚዛን ቱዱኢስት ያልፋል፤ ቀድሞ ከመስመር ውጭ እንዲሠራ የተስተካከለ ጎግል ሺትስም ያልፋል፤ በኮምፒውተሩ ላይ ያለ ተራ ኤክሴል ከሁሉ በላይ ያልፋል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀትም አይናቅ። ዓርብ ዓርብ ሰሌዳውን አትሞ መለጠፍ ኋላ ቀርነት መስሎ የሚታየው ሰው ካለ መብራት ጠፍቶበት አያውቅም።

ገንዘቡ በአጭሩ ይነገር። ነጻው አገልግሎት በሰው ቁጥር ወይም በፕሮጀክት ብዛት የታጠረ ነው፤ አጥሩም ከዓመት ዓመት እየጠበበ ይመጣል። ክፍያው በዶላርና በውጭ ካርድ ነው፤ ቴሌብር እዚያ አይደርስም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ፤ በዶላር ያልጨመረ የወር ክፍያም በብር እጥፍ ሊሆን ቀረበ። ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህ የግዢ ጥያቄ ሆኖ እንኳ የሚቀርብ አይደለም። ስለዚህ ምርጫው ከነጻውና ካለው ውስጥ ነው።

ከመንግሥት ቢሮ ውጭ ይህ ሁሉ በጣም የሚጠቅመው ለማን ነው ብባል የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን እጠቁማለሁ። የመመረቂያ ጥናት አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ውስብስብ ፕሮጀክት ነው። ተማሪው ምዕራፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ይከፍለዋል፤ ይኼ ደግሞ የመጽሐፉ ክፍል እንጂ የሥራው አይደለም። የሥራው ሰንሰለት መጠይቁን ወደ አማርኛ መመለስ፣ በጥቂት ሰዎች መሞከር፣ የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘት፣ ለወረዳው የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ፣ ወረዳው ደግሞ ለቀበሌው እስኪጽፍ መጠበቅ፣ መረጃ ሰብሳቢ ማሠልጠን፣ ከመኸር ሥራ ጋር የማይጋጭ ሳምንት መምረጥ ነው። ደብዳቤው የሚፈጀው ጊዜ በየትኛውም ምዕራፍ ውስጥ የለም፤ ብዙ ጥናት የሚዘገየው ግን እሱ ላይ ነው። ይህንን በቱዱኢስትም ይሁን በአጀንዳ ላይ «እየጠበቅሁ ነው፣ ከማን፣ ከመቼ ጀምሮ» ብሎ የሚይዝ ተማሪ አማካሪው ፊት ሲቀርብ የሚናገረው አለው።

እዚህ ላይ ነው የመሣሪያዎቹ ሁሉ ዋጋ የሚመዘነው። ጥሩዎቹ «ያለቀ» እና «ያላለቀ» ብቻ አይሉም፤ በመካከል «ሌላ ሥራ እየጠበቀ ያለ» የሚል ቦታ አላቸው። አሳና በሚከፈልበት አገልግሎቱ ጥገኝነትን ያስራል፤ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ከጥንትም ያስራል፤ ትሬሎ ላይ አንድ ዓምድ በእጅ መክፈት ይበቃል። የእኛ የሪፖርት ቅጽ ግን ይህ ቦታ የለውም። ክንውኑ ያነሰ ሰው ወይ ሰነፍ ነው ወይ ምርመራ ዓምድ ላይ «በጸጥታ ችግር»፣ «በበጀት እጥረት» ብሎ ይጽፋል። መውረጃው ስላልደረሰ እርከኑን አልጀመርኩም የሚለው የማቻከል ወይም የስናን ባለሙያ፣ ትክክለኛውን ሥራ ሠርቶ ዝቅተኛ ፐርሰንት ያስመዘገበ ሰው ነው። ትሬሎ ቢሰጠው ካርዱን «ያለቀ» ወደሚለው ያንሸራትተዋል እንጂ ዞኑ ዘንድ አይሟገትበትም።

ስለዚህ በወረዳ ደረጃ መጀመር ለሚፈልግ አመራር የምመክረው የሶፍትዌር ሥልጠና አይደለም። ለአንድ ዓመት አንድ ንዑስ ተፋሰስ ብቻ ይያዝ። ሥራው ከልየታ እስከ ግጦሽ ክልከላ በሠላሳም በአርባም መስመር በኤክሴል ይተንተን፤ ለእያንዳንዱ መስመር ቁጥር፣ አንድ ስምና አንድ ቀን ይሰጠው። የሳምንቱ ድርሻ በቴሌግራም ርዕሱ ላይ ይሰካ፣ ዓርብ ታትሞ ይለጠፍ። በፍጻሜውም «ተሠራ» ከሚለው በላይ «ታየ» የሚል ዓምድ ይኑር፤ ችግኙ መተከሉን ሳይሆን መጽደቁን፣ እርከኑ መቆፈሩን ሳይሆን ክረምቱን ተሻግሮ መቆሙን የሚመሰክር። ይህ ምስክርነት ለጥቅምት ነው፤ ሰኔ 30 በሚዘጋው ሪፖርት አይገባም፤ ይግባ ቢባልም ገና አልታየም።

ዞኑም ከበኩሉ ሰኔ ላይ የቀጣዩን ዓመት ቅጽ ሲያወርድ «በመቶኛ» ከሚለው አጠገብ አንድ ዓምድ ሊጨምር ይችላል፤ «የትኛውን ሥራ እየጠበቀ ነው» የሚል። ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ለመጨመር ፈቃድ የሚያስፈልገው ከመምሪያ ኃላፊው ብቻ ነው።